ጥቆማ፦ ለቁስል የሚሆን ማር ጅማ ውስጥ ከየት ይገዛል፣ እንዴትስ ይመረመራል?

ለቁስል የሚሆን ማር ጅማ ላይ የት እንደሚገኝና ጀርም የመግደል አቅሙን የት ማስመርመር እንደሚቻል ለጠየቃችሁኝ፣ ከገበያውም ከላብራቶሪውም የማውቀውን በአንድነት አቀርባለሁ። አስቀድሜ አቋሜን ልናገር፤ ቁስል ላይ ለማድረግ ከሆነ በገበያ ከሚሸጠው ማር አንዱንም አልጠቁምም፤ ለምርመራ የሚሆን ናሙና ለሚፈልግ ሰው ግን የጅማ አካባቢ እጅግ ሀብታም ነው።

ሂርማታ ገበያ ሐሙስ ቀን ሰፊ ምርጫ ይገኛል። ጌተማ ከተባለው ዛፍ አበባ የሚገኘው ነጭ ማር ቶሎ ስለሚረጋ ሻጩ ከባልዲው በማንኪያ እየፈለፈለ ነው የሚያወጣው፤ በዚህ ምክንያት ስኳር ተቀላቅሎበታል ብለው የሚሸሹት ገዢዎች ጥቂት አይደሉም። መርጋት የማሩ ባሕርይ እንጂ የማጭበርበር ምልክት አይደለም። ይልቅ የሚያሳስበው፣ ገዢን ለማስደሰት ተብሎ እሳት ላይ ተጥዶ የቀለጠው ማር ነው፤ ምክንያቱም ጀርም ከሚገድሉት ኃይሎች ዋነኛው ከግሉኮስ ኦክሲዴዝ የሚመነጭ ሲሆን ይህ ኢንዛይም ሙቀት አይችልም። ስለዚህ የረጋውን እንደረጋ ግዙ። ክብሪት መለኮስና ጉንዳን ይቀርበው እንደሆነ ማየት የሚባሉት ፈተናዎች ስለ ጀርም የሚነግሩን አንዳች ነገር የለም።

የብሳናና የግራዋ ማር ጠቆር ያለ በመሆኑ «መድኃኒትነቱ ይበልጣል» ይባላል። ጠቆር ያለ ማር ብዙውን ጊዜ ፌኖሊክ በተባሉ ከዕፅዋት በሚገኙ ውህዶች የበለጸገ መሆኑ እውነት ነው፤ ሆኖም በቀለም ብቻ መፍረድ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የጎንደር ጥናት ባክቴሪያን በመግታት የጣዝማን ማር ከሁሉ በላይ ሲያስቀምጥ፣ ነጩ የንብ ማርም ከቢጫው በልጦ ተገኝቷል። እኔም ለምርመራ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ጣዝማን እመርጣለሁ፤ ነገር ግን ከመሬት ውስጥ የሚቆፈር፣ ውኃው የበዛና በቀላሉ የሚቦካ ስለሆነ አፈር ያልነካውን ማግኘት አስቸጋሪ ነው፣ ዋጋውም አይቀመስም።

የሕክምና ማር የሚባለው ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው በመምከኑ፣ ማለትም ከጀርም እንዲጸዳ በመደረጉ ነው። ማር ውስጥ ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የተባለ አደገኛ ባክቴሪያ ዘር (ስፖር) ሊኖር ይችላል፤ በሙቀት እንግደለው ቢባል ኢንዛይሙ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ አምራቾቹ አቅሙን ሳይቀንስ በሚያመክነው በጋማ ጨረር፣ ብዙውን ጊዜ በ25 ኪሎግሬይ፣ ያክሙታል። ፋርማሲ ውስጥ ከውጭ የገባ የማኑካ ማር (ከኒውዚላንድ ማኑካ ቁጥቋጦ አበባ የሚገኝ) ካገኛችሁ መምከኑ በግልጽ መጻፉንና ለቁስል የተዘጋጀ መሆኑን አረጋግጡ፤ ለምግብ የታሸገው ማኑካ ውድ ቁርስ ከመሆን አያልፍም። በማኑካ ዕቃ ላይ የሚታየው 10 ወይም 15 የሚለው የዩኤምኤፍ (የማኑካ ማር ጀርም የመግታት ደረጃ) ቁጥር መሠረቱ፣ በዚያው መቶኛ ከተበጠበጠ ፌኖል ከተባለ ጀርም ገዳይ ኬሚካል ጋር የተደረገ ንጽጽር ነው።

ወደ ምርመራው ስንመጣ፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የጤናም የግብርናና የእንስሳት ሕክምናም ዘርፍ ስላለው መጀመሪያ በደብዳቤ መጠየቅ ያለበት እሱ ነው፤ ለእርጥበትና ለመሳሰሉት የጥራት መለኪያዎች ደግሞ የሆለታው የንብ ምርምር ማዕከል አለ። የትም ቢሠራ፣ ውጤቱን ከመቀበላችሁ በፊት እንዴት እንደተሠራ ጠይቁ። የተለመደው ዘዴ ቁስል የሚያመረቅዘው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የተባለ ባክቴሪያ በተቀባበት አጋር (ባክቴሪያ የሚያድግበት የረጋ ምግብ) ላይ ትንሽ ጉድጓድ ፈልፍሎ ማሩን መጨመርና ኢንኩቤተር ውስጥ ካደረ በኋላ በጉድጓዱ ዙሪያ የጠራውን ቀለበት ከሳህኑ ጀርባ በማስመሪያ መለካት ነው። ዘዴው ርካሽና ፈጣን ነው፤ ሆኖም ትልልቅ ሞለኪውሎች በአጋር ውስጥ እንደልብ ስለማይሰራጩ የቀለበቱ ስፋት ብቻውን አይታመንም። ከዚህም በላይ፣ ቀለበቱ ባክቴሪያው እንዳላደገ እንጂ እንደሞተ አያሳይም። የመግደል አቅም እንዲታወቅ ማሩ በፈሳሽ ምግብ ውስጥ በተለያየ መቶኛ ተበጥብጦ ዕድገት የሚቆምበት ዝቅተኛ መጠን ከተገኘ በኋላ፣ ካልደፈረሱት፣ ማለትም ባክቴሪያ ካላደገባቸው ቱቦዎች ተቀድቶ አዲስ አጋር ላይ መዘራት አለበት፤ ምንም ካልበቀለ ያ መጠን ገድሏል ማለት ነው።

ሁለት ማነጻጸሪያዎች ከሌሉ ግን ገንዘባችሁን አታውጡ። አንደኛው በማሩ ልክ ከስኳር የተሠራ ሰው ሠራሽ ማር ሲሆን፣ የስኳሩን ውኃ የመምጠጥ ኃይል ከሌላው ለመለየት ያገለግላል። ሁለተኛው ካታሌዝ የተባለ ኢንዛይም የተጨመረበት ማር ነው። ማር ከቁስሉ ፈሳሽ ጋር ሲቀጥን በግሉኮስ ኦክሲዴዝ አማካይነት ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ የተባለ ጀርም ገዳይ ይፈጥራል፤ ደማችንና ሥጋችን ውስጥ ያለው ካታሌዝ ግን ይህን ያፈርሰዋል። በመሆኑም ሳህን ላይ ኃይለኛ የሆነ ማር ቁስል ላይ ሊደክም ይችላል። ካታሌዝ ተጨምሮበትም የሚገድል ማር ከተገኘ እሱ በእርግጥ ሊጠና የሚገባው ነው፤ ማኑካ የታወቀው ሜቲልግላይኦክሳል በተባለ ውህድ አማካይነት ይህን ማድረግ በመቻሉ ነው።

ናሙና ስታቀርቡ ንጹሕና ደረቅ በሆነ፣ ብርሃን በማያስገባ ብርጭቆ አድርጉት፤ ወረዳውን፣ የተቆረጠበትን ወር፣ የቀፎውን ዓይነትና አበባውን ጻፉበት። የዘይት ጀሪካን አይሆንም። ቁስል ያለበት ሰው ደግሞ የላብራቶሪ ውጤት እየጠበቀ እንዳይቆይ፤ በተለይ ስኳር በሽተኛ ከሆነ ወይም ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂድ።