የጂራልዳ ምሽት፦ ማመልከቻውን አብረን እናስተካክለው

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አዳራሽ ለመጠየቅ የምናስገባው ማመልከቻ ረቂቁ ይኸው። «ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ሮበርትስ በ1833 እ.ኤ.አ. ስፔን፣ ሴቪያ ከተማ ያለውን የጂራልዳ ግንብ የሳለበትን የውሃ ቀለም ሥዕል አሳይተን እንወያያለን። ግንቡ የሃይማኖቶች ፍቅር ምስክር ነው።» ምን ትላላችሁ?

የሥዕል መምህሯ፦ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አውጣት። ግንቡ በ1184 የተጀመረው በጊዜው ከተማዋን ይገዙ ለነበሩት ሙስሊሞች፣ ለአልሞሃዶች፣ ታላቅ መስጊድ ሚናራ (አዛን የሚሰማበት ግንብ) እንዲሆን ነው። በ1248 የካስቲያ ክርስቲያን ንጉሥ ከተማዋን በጦር ያዘ፤ መስጊዱ ካቴድራል ሆነ። በ1356 የመሬት መንቀጥቀጥ ጫፉ ላይ የነበሩትን የመዳብ ሉሎች ጣላቸው። የዛሬውን ደወል ቤት ደግሞ ኤርናን ሩይስ ከ1558 እስከ 1568 ሠራበት። የቱ ጋ ነው ፍቅሩ? አሸናፊው ግን ሚናራውን አላፈረሰም፤ ከላዩ ቀጠለበት። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው።

አባል፦ ከሥሩም አለ እኮ። መሠረቱ ላይ የላቲን ጽሑፍ ያለባቸው የሮማውያን ድንጋዮች ገብተዋል። ሄጄ አይቻለሁ። ወደ ላይ የሚወጣው ደግሞ በደረጃ አይደለም፣ በ35 ተዳፋት ነው። ሙአዚኑ (አዛን የሚያሰማው ሰው) በእንስሳ ተቀምጦ እንዲወጣ ነው ይላሉ። እኔ በእግሬ ነው የወጣሁት፤ ጉልበቴ ግን ደረጃ ባለመኖሩ አመስግኗል።

ሌላ አባል፦ ጫፉ ላይ ያለችው የነሐስ ሴት የእምነት ምሳሌ ናት አሉ። ግን ነፋስ በመጣ ቁጥር ትዞራለች! ይሄንን ማመልከቻው ላይ አታስገቡ፣ ለሻይ ሰዓት ይቆየን።

ገንዘብ ያዥ፦ ሥዕሉን ማሳተም ይቅር፣ ፕሮጀክተር ይበቃናል።

የሥዕል መምህሯ፦ ኧረ በፕሮጀክተር የውሃ ቀለም ይሞታል! ብርሃኑ የሚመጣው ከወረቀቱ ንጣት ነው። አንድ ቅጂ በጥሩ ወረቀት ይታተምልኝ። ፕሮጀክተሩ የዛሬውን ፎቶ ያሳይልን። ሮበርትስ የቲያትር መድረክ ሠዓሊ ነበር፤ ሕንፃ ማስረዘምና ሰው ማሳነስ ይወዳል። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ተመልካቹ ራሱ ይለየዋል።

ገንዘብ ያዥ፦ እሺ፣ አንድ ብቻ። ፍሬም ግን የለም።

ሰብሳቢ፦ ተስማምተናል። ጸሐፊ፣ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን ከላይ አንዴ ጻፍ፤ ባለፈው ሰው ግራ ገብቶት ነበር።

ጸሐፊ፦ እሺ ጋሼ። የተስተካከለው፦ «የሮማ ድንጋይ፣ የመስጊድ ሚናራ፣ የካቴድራል ደወል፦ አንድ ግንብ በሮበርትስ ዓይን። አንድ የታተመ ቅጂ፣ አንድ ፕሮጀክተር፣ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ውይይት።» የሚቃወም ከሌለ ነገ ጠዋት አስገባዋለሁ።

ሌላ አባል፦ ሻዩን ረሳኸው።