ናሪታ ማታ አርፎ አሳኩሳ ለመድረስ፦ ለቶኪዮ አዲስ ለሆነ ሰው ምን ትመክራላችሁ?

መንገደኛ (ጠያቂ)
ጤና ይስጥልኝ። መጋቢት ላይ ከእናቴ ጋር ቶኪዮ እንገባለን፤ ሁለታችንም ጃፓንን አናውቃትም። አውሮፕላኑ ናሪታ የሚያርፈው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ነው። ማረፊያችን አሳኩሳ ሲሆን ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ይዘናል። የትኛውን ባቡር እንያዝ? ገንዘብና ቻርጀርስ? ወቅቱ ዐቢይ ጾም ስለሆነ እናቴ ምን ትበላለች? የምታውቁ እባካችሁ ዘርዘር አድርጋችሁ ንገሩን።

ባቡር ወዳጅ
ናሪታ ከመሀል ቶኪዮ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ታክሲ አታስብ፤ ዋጋው አይቀመስም። ደግነቱ አሳኩሳ ባቡር ሳትቀይሩ ትደርሳላችሁ።

ጉምሩክ ስትጨርሱ ወደ ምድር ቤት ውረዱ። ጄአርና ኬይሴይ የሚባሉት የባቡር ድርጅቶች መግቢያዎች እዚያ አሉ፤ የእናንተ ኬይሴይ ነው። ሰሌዳው ላይ በብርቱካንማ የተጻፈውን አክሰስ ኤክስፕረስ ፈልግ። አሳኩሳ ለመድረስ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል፣ ለአንድ ሰው 1,400 የን ገደማ ነው፣ የወንበር ቁጥር የለውም። ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው፦ የባቡሩ መድረሻ ብዙውን ጊዜ «ሃኔዳ ኤርፖርት» ይላል። ሌላ አውሮፕላን ማረፊያ ሊወስደን ነው ብላችሁ እንዳትወርዱ። ባቡሩ አሳኩሳ ላይ ቆሞ ነው ወደ ሃኔዳ የሚቀጥለው። በስህተት በቀይ የተጻፈውን፣ ኡኤኖ ወደሚባለው የቶኪዮ ሰፈር የሚሄደውን ባቡር ከያዛችሁም አትደንግጡ፤ አኦቶ ጣቢያ ላይ ወርዳችሁ ወደ አሳኩሳ የሚሄደውን ያዙ። አክሰስ ኤክስፕረስ ቀን ላይ እንኳ በየ40 ደቂቃው ገደማ ነው የሚመጣው። ስለዚህ አንዱ ካመለጣችሁና እናትህ ከደከማቸው ስካይላይነር የሚባለው ፈጣን ባቡር ይሻላል፦ ወደ ኡኤኖ 40 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ወንበሩ በቁጥር የተመደበ ነው፣ ከዚያ አሳኩሳ በታክሲ ቅርብ ነው።

የምትወርዱበት ጣቢያ ቁጥር ኤ 18 ነው። ስሙን ከማንበብ ቁጥሩን መከተል ይቀላል። ሆቴሉ «ከአሳኩሳ ጣቢያ 3 ደቂቃ» ካለ ግን የየትኛው መስመር ጣቢያ እንደሆነ ጠይቅ። በዚህ ስም የሚጠሩ ጣቢያዎች ከአንድ በላይ ናቸው፤ የጹኩባ ኤክስፕረሱ ከሌሎቹ ራቅ ይላል፣ ሻንጣ ለሚጎትት ሰው ደግሞ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ስትወጡም የመጀመሪያውን ደረጃ አትውጡ፤ በሁሉም መውጫ ሊፍት የለም፣ የሊፍት ምልክቱን ተከተሉ።

የመሳፈሪያ ካርድ ለየራሳችሁ አውጡ። በአንድ ካርድ ሁለት ሰው ማለፍ አይቻልም፤ ካርዱ ስትገቡ ተነክቶ ስትወጡም መነካት አለበት። ለጎብኚ የተዘጋጀው ዌልካም ሱይካ ለ28 ቀን ያገለግላል፤ የተረፈው ሂሳብ ስለማይመለስ ብዙ አትሙሉበት። ለመጀመሪያው ቀን 3,000 የን ይበቃል። የመሙያ ማሽኖች በአብዛኛው የሚቀበሉት ጥሬ ገንዘብ ነው። ሂሳብ አንሶ በሩ ቢዘጋባችሁ ከመውጫው አጠገብ ባለው ማሽን ጨምራችሁ ትወጣላችሁ፤ ቅጣት የለውም።

ከካትሱሺካ
የባቡሩን ባቡር ወዳጅ ጨርሶታል። ገንዘብን በተመለከተ ብር እዚህ አይመነዘርም፤ ዶላር ይዛችሁ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ መንዝሩ። ዓለም አቀፍ ካርድ ካላችሁ ሰቨን ኢለቨን ሱቆች ውስጥ ያለው ኤቲኤም ይሠራል። ሱቅ ውስጥ ገንዘቡን በእጅ ከመስጠት ከሻጩ ፊት ያለችው ትንሽ ሳህን ላይ ማስቀመጥ ነው ልማዱ። ጉርሻ አይሰጥም።

ሰዓት ላይ አንድ ዘዴ አለ። ቶኪዮ ከአዲስ አበባ በ6 ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ የእናትህ የእጅ ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር የተሞላ ከሆነ አይንኩት፤ ቶኪዮ ላይ የሚያሳየው ልክ የሐበሻውን ሰዓት ይሆናል። የባቡር ሰሌዳ ግን በ24 ሰዓት ስለሚጻፍ 20:00 ማለት የእኛ ማታ 2 ሰዓት ነው። ባቡር እኩለ ሌሊት አካባቢ ቆሞ ንጋት 11 ሰዓት ገደማ ይጀምራል።

አድራሻ ስትፈልጉ የመንገድ ስም አትጠብቁ፤ አብዛኛው መንገድ ስም የለውም። 2-12-5 ቢል የሰፈሩ ክፍል 2፣ ብሎክ 12፣ ሕንጻ 5 ማለት ነው።

ቋንጣም ሆነ ማንኛውም የሥጋ ምግብ ሻንጣ ውስጥ እንዳይገባ። ለፋሲካ ተብሎ የተያዘ ቢሆንም ይወረሳል፣ ቅጣቱም ከባድ ነው። እኛ ሰፈር ዮትሱጊ አካባቢ ሐበሾች ሰብሰብ ብለው ይኖራሉ፤ ከአሳኩሳ በየጣቢያው በሚቆመው ባቡር አምስተኛው ጣቢያ ነው።

ጾመኛ
ዋናው ችግር ዳሺ ነው፤ በአብዛኛው ከደረቀ ዓሣ የሚወጣ መረቅ ነው። ሥጋ የሌለበት የሚመስል ሾርባ፣ የሶባ (የጃፓን ኑድል) መረቅ፣ የተቀቀለ አትክልት ሁሉ ውስጥ ይገባል። የአትክልት ቴምፑራ (በሊጥ ተነክሮ የሚጠበስ) ሊጡ ብዙ ጊዜ እንቁላል አለበት፤ ዳቦው ወተትና ቅቤ። ከአኩሪ አተር የሚሠራው ቶፉም ሲቀርብ ላዩ ላይ የዓሣ ፍቅፋቂ ይነሰነሳል።

የሚሆነው፦ ኡሜ የሚባለው ኮምጣጣ ፍሬ ያለበት ኦኒጊሪ (የተጠቀለለ ሩዝ)፣ ነጭ ሩዝ፣ ኤዳማሜ (የተቀቀለ ለጋ አኩሪ አተር)፣ ሱፐርማርኬት የሚሸጥ የተጠበሰ ስኳር ድንች፣ ቶኒዩ የሚባል የአኩሪ አተር ወተት። የሕንድ ምግብ ቤቶች የምስርና የሽምብራ ወጥ አላቸው፤ ቅቤ እንዳይገባበት ተናገሩ። ኦኒጊሪው ሲከፈት በላስቲኩ ላይ 1፣ 2፣ 3 ተጽፏል፦ 1ን ከጫፍ ይዞ ወደ ታች መሳብ፣ ከዚያ 2ንና 3ን ወደ ጎን። ከ2 ከተጀመረ ጥቁሩ የባሕር ቅጠል ይቀደዳል። ለአስተናጋጅ «ኒኩ፣ ሳካና፣ ታማጎ፣ ግዩንዩ ናሺ» በሉ፤ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት የሌለበት ማለት ነው።

ኤሌክትሪሻን
መብራቱ 100 ቮልት ነው፤ ሶኬቱ ሁለት ጠፍጣፋ ቀዳዳ። ቻርጀሩ ላይ «100–240» የሚል ካለ አስማሚ ብቻ ይበቃል። ሦስት ጥርስ ያለው አስማሚ ብዙ ሶኬት ላይ ስለማይገባ ባለ ሁለቱን ግዛ። በ220 ብቻ የሚሠራ የጸጉር ማድረቂያ አትያዙ፤ አይሞቅም።

መንገደኛ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ የቀረኝ ስጋት፦ እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም። ሰው መሀል ብንጠፋፋስ?

ከካትሱሺካ
የሆቴሉን ስምና አድራሻ በጃፓንኛ የያዘ ካርድ ከእንግዳ መቀበያው ወስደህ እናትህ ከፓስፖርታቸው ጋር ይያዙት፤ ጎብኚ ፓስፖርት መያዝ ግዴታው ነው። በየሰፈሩ ኮባን የምትባል ትንሽ የፖሊስ ቤት አለች፤ ካርዱን ካሳዩ መንገዱን ይመሯቸዋል። ባቡር ላይ ደግሞ ከአሁኑ አንድ ነገር ተስማሙ። በሩ ተዘግቶ እሳቸው ባቡሩ ውስጥ ከቀሩ በሚቀጥለው ጣቢያ ወርደው እዚያው ይቁሙ፤ ውጭ ከቀሩ ካሉበት አይነቃነቁ። ሄዶ የሚፈልገው ሁልጊዜ አንተ ነህ።