አንድ ወይን፣ ሁለት ዘመን፣ የተገለበጠ ነጥብ፤ ምክራችሁን እሻለሁ

የስፔን ጠንካራ ቀይ ወይን መቅመስ እወዳለሁ፤ ነጥብ አሰጣጡ ግን ግራ አጋብቶኛል። ቅዳሜ ማታ ከአንድ አምራች ሁለት የሪዮሃ (በሰሜን ስፔን ያለ የወይን አካባቢ) ግራን ሬሰርቫ (ከመሸጡ በፊት ለዓመታት እንዲበስል የሚቆይ ወይን) ጠርሙሶች ከፈትኩ፤ አንዱ የ2010፣ ሌላው የ2013 (እ.ኤ.አ.) ምርት ነው። የሪዮሃ ተቆጣጣሪ ምክር ቤት 2010ን ከፍተኛውን ደረጃ ሲሰጠው፣ ቀዝቃዛና ዝናባማ የነበረውን 2013ን ግን «ጥሩ» ብሎ አልፎታል። ይህን አስቀድሜ አውቅ ነበር፤ ምናልባት ጥፋቱ እዚህ ላይ ይሆን?

ለ2010ሩ ከመቶ 94፣ ለ2013ቱ 88 ሰጠሁ። በማግስቱ ባለቤቴ ጠርሙሶቹን በጨርቅ ጠቅልላ ቅደም ተከተላቸውን ቀይራ ቀዳችልኝ። ነጥቡ ተገለበጠ! የ2013ቱ የደረቀ ቼሪና የትምባሆ ቅጠል መዓዛ ነበረው፤ ሲዋጥም ለስላሳ ነው። የ2010ሩ ደግሞ ድዴን ጨምድዶ ያዘው፤ ምላሴ ደርቆ ቀጣዩን ጉንጭ በቅጡ መለየት አቃተኝ። የብርጭቆው ግርጌ ላይም ጥቁር አተላ ቀርቷል።

ልምድ ያላችሁ እባካችሁ አግዙኝ። ለውጡን ያመጣው ሌሊቱን ያገኘው አየር ነው ወይስ ቅደም ተከተሉ? ከአዲሱ ወደ አሮጌው መሄድ ይሻላል ወይስ በተቃራኒው? ታኒኑ (አፍ የሚያደርቀው የወይን ንጥረ ነገር) ገና ያልለዘበ ወይን ሲያጋጥማችሁ ነጥብ የምትሰጡት ዛሬ ላለው ጣዕም ነው ወይስ ከአሥር ዓመት በኋላ ለሚደርስበት? የቀረኝ አንድ የ2010 ጠርሙስ ብቻ ስለሆነ፣ መልሳችሁን ሳላገኝ ቡሹን አልነካም።