የጄን ማኒንግን የዘር ሐረግ እየሳልን ነው፣ ሁለት ቦታ ላይ ተቸገርን

የሶልት ሌኳ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ሶልት ሌክ ሲቲ ነው። እዚህ በየዓመቱ ጁላይ 24 የመጀመሪያዎቹ ሞርሞኖች (አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተ የአንድ ቤተክርስቲያን አባላት) ወደ ሸለቆው መግባታቸው ይከበራል። ሰልፉን ስናይ ልጄ «ከነሱ ጋር የመጣች ጥቁር ሴት የለችም?» አለችኝ። ፈልጌ ፈልጌ ጄን ኤልዛቤት ማኒንግ ጄምስን አገኘሁ። አሁን ከልጄ ጋር የዘር ሐረጓን እየሳልን ነው። የትውልድ ዓመቷ አንዱ ጋ 1813፣ ሌላው ጋ 1822 ይላል፤ የመጀመሪያ ልጇ የሲልቬስተር አባት ደግሞ የለም። ምን ብለን እንጻፍ?

መዝገብ ወዳድ፦
እህቴ፣ አንዱን መርጠሽ ሌላውን አትሰርዢ። ሁለቱንም ጻፉና ከየት እንዳገኛችሁት ከጎኑ አስቀምጡ። የኛም አያቶች «የተወለድኩት በጣሊያን ጊዜ ነው» ነው የሚሉን፤ ያኔ ሁሉም ሰው የልደት ወረቀት አልነበረውም። እርግጠኛው ነገር ኮኔቲከት ውስጥ ዊልተን የሚባል ከተማ፣ ከነጻ ቤተሰብ መወለዷ ነው። አባቷ አይዛክ፣ እናቷ ፊሊስ ይባላሉ። ገና ልጅ ሳለች ነጮች ቤት ገብታ እየሠራች አደገች። በስተርጅና፣ 1893 አካባቢ፣ የሕይወት ታሪኳን በቃሏ እየተናገረች አስጽፋለች። ከሁሉ በፊት እሱን አንብቡት፣ አጭር ነው። ፋሚሊ ሰርች የሚባል የዘር ሐረግ ድረ ገጽ ላይ ደግሞ በነጻ መፈለግ ይቻላል፤ ግን እዚያ ዛፉን ማንም ሰው ማረም ስለሚችል ዋናውን ሰነድ ሳታዩ አትመኑ። የሲልቬስተርን አባት በተመለከተ፣ እሷ ባስጻፈችው ታሪክ ስሙን አልጠራችም። ስለዚህ ባዶ ይሁን። በግምት ስም መሙላት ነውር ነው።

የፒዮሪያው፦
መንገዱን ሳትስሉ እንዳታልፉ! በ1843 ከእናቷ፣ ከወንድሞቿና ከእህቶቿ ጋር ያኔ ሞርሞኖች ወደሚኖሩባት ወደ ናቩ ከተማ፣ ኢሊኖይ፣ ተነሡ። ቡፋሎ ሲደርሱ ጀልባው አላሳፍርም አላቸው፤ ከዚያ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ በእግራቸው ሄዱ። ጫማቸው አልቆ፣ እግራቸው ተሰነጣጥቆ፣ የረገጡት መሬት ላይ ደም ይታይ ነበር። እኔ የምኖርበት ፒዮሪያ ላይ ደግሞ «የነጻነት ወረቀት አምጡ፣ አለዚያ እስር ቤት» ተባሉ። ባሪያ ሆነው ለማያውቁ ሰዎች ምን ወረቀት ይኖራቸዋል? ናቩ ደርሳ የሞርሞኖች ቤተክርስቲያን መሥራች ጆሴፍ ስሚዝ ቤት ተቀጠረች። ኋላ አይዛክ ጄምስን አገባች፣ ሳይለስን መንገድ ላይ አይዋ ውስጥ ወለደች፣ ሴፕቴምበር 1847 ሶልት ሌክ ገቡ። በ1849፣ በችግሩ ጊዜ፣ ባሏ ሩቅ አገር ለሄደባት ጎረቤቷ አንድ ኪሎ የማይሞላ ዱቄት ሰጠቻት። ያላት ሁሉ የዚያ እጥፍ ብቻ ነበር። ይህን ማስታወሻዋ ላይ የጻፈችው ተቀባይዋ ራሷ ናት። እኔ ከሁሉ የምወደው ይህን ነው።

እታለም፦
አንድ ከባድ ነገር አለ፣ ለልጅሽም አትደብቂያት። የጆሴፍ ሚስት ኤማ ጄንን «ልጃችን ሁኚ» ብላት ነበር፣ እንደኛ ጉዲፈቻ ማለት ነው። ጄን ያኔ ነገሩ ስላልገባት እንቢ አለች። ኋላ ግን ለቤተክርስቲያኑ መሪዎች ደጋግማ አመለከተች። በ1894 ያደረጉላት ምንድን ነው? በቤተክርስቲያኑ ሥርዓት ከጆሴፍ ስሚዝ ጋር ለዘላለም በአገልጋይነት አስተሳሰሯት። ልጅ አላሏትም። ሥርዓቱ ሲፈጸም ቤተ መቅደስ እንድትገባ እንኳ አልተፈቀደላትም፤ ሌላ ሴት ናት በስሟ የቆመችው። አላረካትም፣ ከዚያም በኋላ መጠየቋን አላቆመችም። በ1908 ስትሞት ከልጆቿ በሕይወት የነበሩት ሁለት ብቻ ናቸው። ቤተክርስቲያኑ ለጥቁሮች የዘጋውን የቤተ መቅደስ በር በ1978 ከፈተ፤ በቀጣዩ ዓመት የተከለከለችው የቤተ መቅደስ ሥርዓት በስሟ ተፈጸመላት። ስለዚህ ዛፉ ላይ ከስሚዝ ቤት ጋር በመስመር አታገናኟት። የጠየቀችውንና የተሰጣትን ግን ከጎን ጻፉላት።

የሶልት ሌኳ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ዱቄቱን ሳነብላት ልጄ ከዛፉ ሥር ትንሽ ከረጢት ሳለች። ሲልቬስተር ጎን ያለውን ሳጥን ባዶ ትተነዋል። የተቀበረችው እዚሁ ሶልት ሌክ ስለሆነ ቅዳሜ አበባ ይዘን እንሄዳለን።