በኢየሱሳዊው የኮሌጅ ፕሬዚዳንት ደብዳቤዎች «ሰርቨንት» ምን ይባል? አገልጋይ፣ አሽከር ወይስ ባሪያ?

ጥያቄ፦
የተከበራችሁ የቃላት ወዳጆች፣ በዋሺንግተን የሚገኘውን የጆርጅታውን ኮሌጅ ከ1829 እስከ 1838 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በፕሬዚዳንትነት የመሩት ኢየሱሳዊው (የካቶሊኩ የጀስዊት ማኅበር አባል) ካህን ቶማስ ሙለዲ የጻፏቸውንና የተጻፉላቸውን ደብዳቤዎች ለአማርኛ አንባቢ ለማቅረብ እየሞከርኩ ነው። በዘመኑ በአሜሪካዋ የሜሪላንድ ግዛት የነበሩ ኢየሱሳውያን በማኅበሩ እርሻዎች ላይ የሚሠሩትን ጥቁሮች አብዛኛውን ጊዜ «ሰርቨንትስ» እያሉ ይጠሯቸዋል። መዝገበ ቃላት «አገልጋይ» ይላል፤ ለእኔ ግን «አሽከር» ለዘመኑ የሚቀርብ መስሎ ይታየኛል። ምን ትላላችሁ?

የመጀመሪያ መልስ፦
ሁለቱንም ቢተዉአቸው ይሻላል ባይ ነኝ። «አገልጋይ» ዛሬ ሲነገር በመጀመሪያ ትዝ የሚለን ዲያቆኑ፣ ሰባኪውና ዘማሪው ነው። አንድ ካህን «አገልጋዮቻችንን ሸጥን» ብሎ ጻፈ ቢባል አንባቢው ግራ ይጋባል እንጂ አይደነግጥም። «አሽከር» ደግሞ ጌታ መርጦ የሚያድር ሰው ነው፤ ቀለቡ ወይም ጠባዩ ካልተስማማው ወጥቶ ሌላ ቤት ይገባል። «እገሌ ቤት አደረ» የሚለው አነጋገር ራሱ የአዳሪውን ፈቃድ ያዘለ ነው።

በሙለዲ ወረቀቶች ውስጥ ያሉት ሰዎች ግን እንዲህ ያለ ፈቃድ አልነበራቸውም። ሙለዲ የሜሪላንድ ኢየሱሳውያን አለቃ ሆነው በጁን 19 ቀን 1838 የፈረሙት ውል 272 ሰዎችን በ115,000 ዶላር ለሄንሪ ጆንሰንና ለጄሲ ባቲ የሸጠ፣ ወደ ደቡባዊቷ የሉዊዚያና ግዛትም እንዲጋዙ ያደረገ ነው። ውሉ «ይኸውም» ብሎ ስም መጥራት ሲጀምር ከሁሉ አስቀድሞ የ65 ዓመቱን አይዛክን ያነሣል፤ ወዲያው የበኩር ልጁን ቻርልስን፣ 40 ዓመት ብሎ፣ ያስከትላል፤ እንዲህ እያለ ዕድሜን ከዝምድና ጋር አጣምሮ ይወርዳል። የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ያነበበ ሰው የዘር ሐረግ ቆጠራ ሊመስለው ይችላል። ከነልጆቹ ተቆጥሮ በውል የሚተላለፍ ሰው በአማርኛችን ስሙ አንድ ነው፤ ባሪያ።

አንድ ነገር ልጨምር። የማኅበሩ ጠቅላይ አለቃ ያን ሮትሃን በ1836 መጨረሻ ከሮም ለሽያጩ ፈቃድ ሲሰጡ ባልና ሚስት፣ ወላጅና ልጅ እንዳይነጣጠሉ፣ ሰዎቹ የካቶሊክ እምነታቸውን የሚጠብቁበት መንገድ እንዲኖር፣ ገንዘቡም ለዕዳ መክፈያ እንዳይውል አስጠንቅቀው ነበር። ይሁን እንጂ ቤተሰቦች ተለያዩ፣ ከገንዘቡም ከፊሉ ለኮሌጁ ዕዳ ዋለ፤ ሙለዲም በ1839 አለቅነታቸውን ለቀው ወደ ሮም ሄዱ። «ሰርቨንትስ» የሚለው ለስላሳ ቃል እንግዲህ በዚህ ሁሉ መካከል ነው የሚመላለሰው። የአገሩ አንባቢ ቃሉ ማንን እንደሚያመለክት ያውቅ ስለነበር አይታለልም፤ የእኛ አንባቢ ግን ያንን ዕውቀት ይዞ አይመጣም።

ሁለተኛ መልስ፦
ከወንድሜ ሐሳብ ጋር በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ቢሆንም «ባሪያ» በአገራችን የጥንት መጠሪያ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በቆዳው ጥቁረት ወይም በትውልዱ የተነሣ እስከ ዛሬ የሚሰደብበት ወገን አለ፤ ይህን የሚሰማ አንባቢ በየገጹ ሊቆስል አይገባም። ስለዚህ በመግቢያውና በማብራሪያው፣ ማለትም ተርጓሚው በራሱ አፍ በሚናገርበት ቦታ፣ «በባርነት የተያዙ ሰዎች» ቢባል፣ የሚቻልበት ቦታ ሁሉ ደግሞ በስማቸው ቢጠሩ እመርጣለሁ። በደብዳቤው ውስጥ ግን «ባሪያዎቻችን» ይግባ፤ የጸሐፊውን እጅ ማጽዳት የእኛ ሥራ አይደለም።

ሌላው የሚከብደው የመዝጊያው ሰላምታ ነው። በላቲን ሲጻጻፉ ኢየሱሳውያን «ሰርቩስ ኢን ክሪስቶ» ብለው መፈረም ልማዳቸው ነበር። «ሰርቩስ» እንደ ግዕዙ «ገብር» ባሪያም አገልጋይም ነው፤ ገብረ ማርያም፣ ገብረ ክርስቶስ የምንለው ከዚሁ ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ጳውሎስ ራሱን የክርስቶስ ባሪያ ይላልና እዚህም «በክርስቶስ ባሪያዎ» ብለው ቢተረጉሙ ቋንቋው ይሸከመዋል። ቃሉ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ በፊርማውም በሽያጩም ቢገኝ አይከፋኝም፤ በላቲኑም እንደዚያው ነው።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። በ1848 ካህኑ ቫን ደ ቬልደ ወደ ሉዊዚያና ለተወሰዱት ሰዎች ቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ገንዘብ እንዲላክ ሙለዲን የለመኑበት ደብዳቤም አለኝ፤ ምክራችሁን በእርሱ ላይ እፈትነዋለሁ። ሁለት ትናንሽ ጥያቄዎች ቀርተውኛል፦ የኮሌጁን ኃላፊ «ርእሰ መምህር» ልበል? በደብዳቤ ራስጌ ላይ የሚገኙት «ፒ» እና «ሲ» የሚሏቸው ሁለት ፊደላትስ?

የመጀመሪያው መላሽ፦
«ርእሰ መምህር» አንባቢውን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይወስደዋል፤ «ፕሬዚዳንት» ይበሉ፣ በንግግር ግን «አባ ሙለዲ»። ፊደላቱ «ፓክስ ክሪስቲ» የሚለው ሰላምታ ምሕጻር ናቸው፤ «የክርስቶስ ሰላም» ብለው ከ«ይድረስ ለ» በላይ ለብቻው ያስቀምጡት።