«ከተመ» ሲባል ሰፈረ ነው ወይስ ቆረቆረ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። የታሪክ መጻሕፍት «አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ደብረ ብርሃን ከተሙ» ይላሉ። ከተማ ቆረቆሩ ማለት ነው ወይስ ድንኳን ተከሉ? እዚያ ሄጄ የቤተ መንግሥቱን ፍርስራሽ ብጠይቅ የሚያሳየኝ ሰው አጣሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽ ልክ ቦታው ላይ ነው። በግዕዝ «ከተማ» መጀመሪያ ጫፍ፣ አናት ማለት ነው። የንጉሥ ሰፈርም ከተማ ይባላል። ሁለቱ ትርጉሞች ምን አገናኛቸው? ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. አገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ያየው ይረዳናል። የአፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ሰፊ ሜዳ ላይ ይተከላል። ከፍ ያለ ቦታ ካለ ግን እሱ የንጉሡ ድንኳን ቦታ ነው። እንግዲህ አናት ላይ የተቀመጠው ንጉሡ ነው፤ ሌላው ሁሉ በእሱ ዙሪያ ይሰፍራል። ቤተ ክርስቲያኑም፣ ችሎቱም፣ ገበያውም አብሮ ይነሣል። ለእኔ ትርጉሙ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ዛሬም «ጦሩ ወንዙ ዳር ከተመ» እንላለን እኮ! ያ አሮጌው ትርጉም ነው።

የደብረ ብርሃኑ ግን ለየት ይላል። በ1456 እ.ኤ.አ. ገደማ እዚያ ከሰማይ ብርሃን ታየ ይላል ዜና መዋዕሉ። ስሙም ከዚያ መጣ፤ የብርሃን ደብር። በዚያው ዓመት የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ስለታየ፣ ብርሃኑ እሱ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ የታሪክ ሰዎች አሉ። ንጉሡ መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን፣ ቀጥሎ ቤተ መንግሥት አሠሩ። በ1468 እስኪያርፉም መቀመጫቸው እዚያው ሆነ። በዘመኑ ንጉሥ አንድ ቦታ ይህን ያህል መቆየቱ ብርቅ ነው። ስለዚህ የእሳቸው «ከተሙ» ሰፈሩም ቆረቆሩም ነው። ልጃቸው በእደ ማርያም ሲነግሡ ግን ወደ ዘዋሪው ኑሮ ተመለሱ። ንጉሥ ከሌለ ከተማው ይነሣል። ፍርስራሽ ያጣሽው ለዚህ ይመስለኛል። ቤተ መንግሥቱ ሲጠፋ ስሙ ተርፎልናል፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው።

ሌላ አባል፦ ጋሼ፣ «ክተት» ከዚሁ ግሥ ነው? «ክተት ሠራዊት፣ ምታ ነጋሪት» ሲባል ሁልጊዜ «ስፈር» የሚል ይመስለኝ ነበር።

መልስ፦ አይደለም፣ ወንድሜ። ብዙ ሰው ያምታታዋል። ክተት የመጣው «ከተተ» ከሚለው ነው፤ ከረጢት ውስጥ ከተተ እንደምንለው። ስንቅህን ክተት፣ ተነሥ ማለት ነው። እንዲያውም ተቃራኒ ናቸው። የሚከተው ሊሄድ ነው፤ የሚከትመው ግን ሊቀመጥ።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ «ከተሜ» ድሮ ከንጉሡ ጋር የሚዞረው ሰው ነበር ማለት ነዋ?

መልስ፦ በቃሉ አካሄድ አዎ፤ የንጉሥ ሰፈር ሰው። ሰፈሩ ረግቶ የቀረው ቆይቶ ነው፤ በተለይ አፄ ፋሲለደስ በ1636 እ.ኤ.አ. ጎንደርን መቀመጫቸው ካደረጉ በኋላ። እዚያ ግንቡ ቆሟል፤ ሄደሽ መንካት ትችያለሽ።