አሮጌውን የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን በምን እንተካው?

የጦሳ ግርጌ ዘማሪ (ደሴ)

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ደሴ ከተማ በምትገኝ አንዲት የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን የመዘምራን አስተባባሪ ሆኜ አገለግላለሁ። በአዳራሻችን ያለው ኦርጋን ሚስዮናውያን ካመጧቸው፣ በሁለት እግር እየተረገጡ በወናፍ ነፋስ ከሚዘምሩት አንዱ ሲሆን፣ ሽማግሌዎቻችን በወጣትነታቸው መዝሙር የተማሩት በእርሱ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ረጋጩ የቱንም ያህል ቢደክም ድምፁ እየሳሳ ሄዷል፤ ከመካከለኛው ክፍል ያሉ አንዳንድ ቁልፎች ጨርሶ አይሰሙም፤ በክረምት ደግሞ ጣት ከተነሣ በኋላ እንኳ አልቆም ብሎ የሚቀጥል ድምፅ አለ።

የሽማግሌዎች ጉባኤ መሣሪያው እንዲተካ ወስኖ ምእመናኑ ገንዘብ ማዋጣት ጀምረዋል። ምን ይገዛ በሚለው ላይ ግን አልተስማማንም። አረጋውያኑ ሁለት ረድፍ ቁልፍና የእግር መርገጫ ያለው፣ እውነተኛ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን የሚመስል ዲጂታል መሣሪያ ይሻላል ይላሉ። ወጣቶቹ የሚፈልጉት ቢት (በራሱ የሚመታ የከበሮ ምት) ያለው ኪቦርድ ነው። ሒሳብ ያዡ በበኩሉ ርካሹን ፈልጉ ከማለት በቀር ሌላ ሐሳብ የለውም፤ አልፈርድበትም።

የምንዘምረው ሁለት ዓይነት ነው፦ በአራት ድምፅ የተቀነባበሩ የቆዩ የመዝሙር መጽሐፍ ዝማሬዎችና በአምባሰል፣ በባቲ ወይም በትዝታ ቅኝት የተደረሱ የአማርኛ መዝሙሮች። መብራት አዘውትሮ ይጠፋል። ልምድ ያላችሁ ምን ትመክሩናላችሁ? አሮጌውንስ ምን እናድርገው?

ኪቦርዲስት ከኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ከሱቁ በፊት ከተጫዋቹ ብትጀምረው ብዙ ክርክር ይቀልላችኋል። ሁለት ረድፍና የእግር መርገጫ ያለው ኦርጋን እጅግ ያማረ መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን ባሱን በእግር እየተጫወቱ በሁለት እጅ ሌላ ድምፅ ማስኬድ ለዓመታት የሚለመድ ጥበብ በመሆኑ፣ በእኛ አካባቢ ኪቦርድ በመንካት ያደገ ወጣት መርገጫውን ሳይነካው ይቀራል። ያን ያህል ገንዘብ ከፍሎ ግማሹን መሣሪያ ዝም ማሰኘት ለእኔ ትክክል አይመስለኝም። አረጋውያኑ የሚናፍቁት የተሳበና የማይቋረጥ ድምፅ በኪቦርድም ይገኛል፤ ጥሩ የኦርጋን ድምፅ የያዘ መሆኑን ማረጋገጥ ብቻ ያስፈልጋል። ተጫዋቹ ግን በፒያኖ ድምፅ እንደለመደው ድምፅ የሚያቆየውን ፔዳል ረግጦ ጣቱን ቢያነሣ ውጤቱ አያምርም። በኦርጋን ድምፁ የሚኖረው ጣት ቁልፉ ላይ እስካለ ድረስ በመሆኑ፣ አንዱን ሳይለቁ ሌላውን መያዝ መልመድ አለበት።

ሁለተኛው ነገር ቅኝት ነው፤ ወሎዬ ሆኖ በዚህ መደራደር አይቻልም። አምባሰልን ከዶ ብንነሣ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ብለን በማንኛውም ኪቦርድ መጫወት እንችላለን። ይሁን እንጂ ኪቦርዱ አንዱን ኦክታቭ (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን) በ12 እኩል ቦታ የከፈለ ስለሆነ፣ አንድ አዛውንት አምባሰልን በነጻ ድምፃቸው ሲያወጡት ከዚያ ክፍፍል በጥቂቱ ከፍ ወይም ዝቅ የሚልባቸው ቦታዎች አሉ። ይህን ለማስተካከል እያንዳንዱን ድምፅ በሴንት እየለኩ የሚያንቀሳቅስ፣ «ስኬል ቲዩን» የሚባል አገልግሎት ያላቸው ኪቦርዶች አሉ፤ አንዱ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው። በተለይ ለዐረብና ለምሥራቅ አገሮች ገበያ ተብለው የተሠሩት የያማሃና የኮርግ ሞዴሎች ይህን በቀላሉ ይሠራሉ። በምትገዙት ላይ ይህ መኖሩን ሳታረጋግጡ ገንዘብ አትክፈሉ።

ስለ ቁልፍ ብዛት፦ 61 ቁልፍ ለአማርኛ መዝሙር ይበቃል፤ አራት ድምፁን ባሱን ጨምሮ በሁለት እጅ ለመያዝና ቁልፎቹን ለሁለት የተለያየ ድምፅ ለመክፈል 76 ይመቻል። 88ቱ ብዙውን ጊዜ ክብደት ያለው የፒያኖ ቁልፍ ስለሆነ ለኦርጋን አጨዋወት ይከብዳል፤ ከቦታ ቦታ ለማዘዋወርም ያስቸግራል።

ብዙ ሰው የሚረሳው ደግሞ ድምፅ ማጉያውን ነው። ኪቦርዱ ውስጥ ያሉት ትናንሽ ስፒከሮች ለሳሎን እንጂ ለአዳራሽ አልተሠሩም። የኦርጋን ጥልቅ ድምፅ እንዲሰማ ከተፈለገ ቢያንስ 15 ኢንች የሆነ ስፒከር ያስፈልጋል፤ የእግር መርገጫው ዝቅተኛ ዶ ወደ 33 ኸርዝ (በሰከንድ 33 ንዝረት) ስለሚወርድ ትንሽ ስፒከር ጭራሽ አያወጣውም። ከበጀቱ ጉልህ ክፍል ለዚህ ካልተያዘ፣ ውድ ኪቦርድ ገዝታችሁ ርካሽ ድምፅ ትሰማላችሁ።

ነሐስና ወናፍ (አዲስ አበባ)

የአሮጌ መሣሪያዎች ጥገና ሥራዬ ስለሆነ፣ ትውልዴም ከወደዚያው ስለሆነ አንድ ነገር ልበል። ወንድማችን የዘረዘራቸው ሦስቱም ሕመሞች መሣሪያው መሞቱን አያሳዩም። የእነዚህ ኦርጋኖች ድምፅ የሚወጣው ከቀጫጭን የነሐስ ምላሶች ነው፤ ነሐሱ ካልተሰበረ ወይም ካልዛገ በቀር ቃናውን ለብዙ አሥርት ዓመታት ይጠብቃል። ቁልፍ ተጭኖ ድምፅ ካልመጣ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ በምላሱና በክፈፉ መካከል የገባች አቧራ ናት። ምላሱ በጥንቃቄ ተስቦ ወጥቶ በለስላሳ ብሩሽ ይጸዳል። ዘይትም ሆነ ውኃ እንዳይነካው፣ በቢላም ማንም እንዳይፍቀው፤ ጫፉ ሲሳሳ ድምፁ ከፍ፣ ሥሩ ሲሳሳ ዝቅ ስለሚል በአንድ ያልታሰበ ጭረት ቃናው ይበላሻል።

በክረምት አልቆም የሚለው ድምፅ ደግሞ ከ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው፣ ጉም በማይለያት ደሴ የሚጠበቅ ነው። እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ያብጥና ከቁልፉ ሥር ያለው መክደኛ ቀዳዳውን ሙሉ በሙሉ አይዘጋውም።

ዋናው ወጪ ወናፉ ነው። ጎማ የተቀባው ጨርቅ ከእርጅና የተነሣ ይሰነጣጠቃል፤ የቀረውን አይጥ ይጨርሰዋል። ይህን ለማወቅ ኦርጋኑን እስኪሞላ ድረስ ርገጡት፣ ከዚያ ምንም ቁልፍ ሳትነኩ እግራችሁን አንሡና የአየር ማጠራቀሚያው ወደ ቦታው እስኪመለስ ምን ያህል እንደሚቆይ ተመልከቱ። ወዲያው ከተመለሰ ጨርቁ ሙሉ በሙሉ መቀየር አለበት፤ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ስፌትና መገጣጠሚያ ላይ ያለው ቀዳዳ ተፈልጎ ሊደፈን ይችላል። ሲጠገን በቆዳ ሙጫ እንጂ በሲሊኮን እንዳይለጠፍ አደራ እላለሁ፤ ሲሊኮን የነካው እንጨት ሌላ ማጣበቂያ አይቀበልም፤ ከዓመታት በኋላ ለሚመጣው ጠጋኝም ራስ ምታት ነው።

ከአዲሱ ኪቦርድ ጋር አብራችሁ ልትጫወቱት ካሰባችሁ ግን አስቀድማችሁ አንድ ነገር ፈትኑ። ከአሮጌዎቹ ኦርጋኖች አንዳንዶቹ የተቃኙት ዛሬ በተለመደው በ440 ኸርዝ ላ ሳይሆን ዝቅ ባለው በ435 ስለሆነ፣ ሁለቱ ባንድነት ሲነኩ ጆሮ ያስቀይማሉ። እንዲህ ከሆነ ኪቦርዱን በቅኝት ማስተካከያው ዝቅ ማድረግ እንጂ ነሐሱን መነካካት አይገባም።

እናት ዘማሪት (ወልድያ)

ልጄ፣ የተናገሩት ወንድሞች ስለ መሣሪያው ብዙ ያውቃሉ፤ እኔ ስለ ዘማሪው ልናገር። ኪቦርዲስቱ ወንድማችን ወጣቶቹ ስለሚፈልጉት ቢት ምንም ሳይሉ ማለፋቸው አስገርሞኛል፤ ጭቅጭቁ ያለው እዚያው ላይ ነውና። ቢቱ አንዴ ከተከፈተ ፍጥነቱን የሚወስነው ማሽኑ ነው። ምእመናኑ አንድ ስንኝ ደግመው በእንባ ሊዘምሩ ሲፈልጉ ማሽኑ አይጠብቃቸውም፤ ሽማግሌ ትንፋሽ ሲያጥረውም አያዘገይለትም። በችክችካ የሚዘመር የምስጋና መዝሙር አለ፣ አልቃወምም፤ ከበሮ መቺ ካለ ግን በሰው እጅ ይመታ። በመዝሙር መጽሐፉ ዝማሬ ላይ ቢት መክፈት ግን አራቱንም ድምፅ ይሸፍናቸዋል፣ ከዚያ በኋላ አልቶና ቴነር (መካከለኞቹን ድምፆች) መለማመድ ማን ይፈልጋል? አዳራሹ ሁሉ አንድ ዜማ ብቻ እየጮኸ ይቀራል። ይህ በብዙ ቦታ ሲሆን ስላየሁ ነው የምናገረው።

ስለዚህ መሣሪያው ቢት ቢኖረውም፣ መቼ እንደሚከፈትና መቼ እንደማይከፈት መዘምራኑና ሽማግሌዎቹ ከግዢው በፊት ተነጋግረው ይስማሙ። ከተገዛ በኋላ የሚነሣ ክርክር ሰው ያስቀይማል።

ሌላው፣ ከምታሰባስቡት ገንዘብ ለትምህርት አስቀምጡ። አዲስ አበባ በመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ ሥር የሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ፤ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም አለ። አንድ ወጣት ልካችሁ ኖታ ማንበብ በሚገባ ተምሮ ቢመለስ፣ መካከለኛ ዋጋ ያለው ኪቦርድ በእርሱ እጅ ከውዱ ይልቅ ይዘምራል። አሮጌውንም አትጣሉት። በእግር የሚረገጥ ኦርጋን መብራት አይጠይቅም፤ ጧፍ አብርተን የዘመርንባቸው ሌሊቶች ያለፉት በእርሱ ነው።

የሒሳብ ሰው (ደሴ)

በአጭሩ ስለ ግዢው ብቻ ልጨምር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው በብር እጅግ ጨምሯል፤ ስለዚህ ገንዘብ አሰባስቦ ሲያበቃ ዋጋ መጠየቅ ሳይሆን፣ አስቀድሞ ፕሮፎርማ ከተለያዩ መደብሮች ሰብስቦ የምንዛሪውን ለውጥ እያዩ ማቀድ ይሻላል። ዋስትናው በጽሑፍ ይሁን። ደሴ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለምትርቅ፣ ብልሽት ቢመጣ ማጓጓዣውን ማን እንደሚሸፍን በውሉ ይግባ። መደብሩ ውስጥ ሳላችሁ እያንዳንዱን ቁልፍ ቀስ ብላችሁም አጥብቃችሁም ተጫኑ፤ ያገለገለ ኪቦርድ ከሆነ ከቁልፉ ሥር ያለው የጎማ መገናኛ ሊያልቅ ስለሚችል፣ አንዳንድ ቁልፍ እጅግ ጮኾ ወይም ጨርሶ ዝም ብሎ ታገኙታላችሁ።

የጦሳ ግርጌ ዘማሪ (ደሴ)

ሁላችሁንም ጌታ ይባርካችሁ። እንደ ተመከርነው ኦርጋኑን ሞልተን እግራችንን አነሣን፤ ማጠራቀሚያው ቀስ ብሎ ነው የተመለሰው፣ ስለዚህ ተስፋ ያለው ይመስላል። ሽማግሌዎቹ የእናት ዘማሪትን መልእክት በጉባኤ አንብበውት የመዝሙር መጽሐፉ ዝማሬዎች ያለ ቢት እንዲቀጥሉ ተስማምተዋል፤ ወጣቶቹም በምስጋና መዝሙሮቹ ላይ ነጻነት ስላገኙ ብዙ አላጉረመረሙም። የእግር መርገጫው ሐሳብ ቀርቷል፤ ባለ 76 ቁልፍ ኪቦርድ፣ ስኬል ቲዩን ያለው፣ ከስፒከር ጋር እንዲገዛ ወደ መስማማቱ ነን።

አሁን አዲስ ጉዳይ መጥቷል። አሜሪካ የሚኖሩ የቤተ ክርስቲያናችን ልጆች ኪቦርዱን እኛ ገዝተን እንላክ ብለዋል። ከእነርሱ አንዱ ደግሞ ከአንድ የሚዘጋ ቤተ ክርስቲያን ያገለገለ ሐመንድ የሚባል የኤሌክትሪክ ኦርጋን በነጻ ላገኝላችሁ እችላለሁ ብሎ ሁሉንም አስደስቷል። እዚያ ያለው መብራት ከእኛ የተለየ ነው ይባላል። እውነት ችግር ይኖረዋልን?

ኪቦርዲስት ከኮምቦልቻ

ለእናት ዘማሪት፦ ወቀሳዎን ተቀብያለሁ፤ ስለ ቢቱ ያሉት ትክክል ነው።

ወንድሜ፣ ለሁለቱ መልሱ የተለያየ ነው። አሜሪካ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው፤ የእኛው 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ኪቦርዱ በአዳፕተር የሚሠራ ከሆነ በአዳፕተሩ ላይ፣ ገመዱ በቀጥታ የሚሰካ ከሆነ ደግሞ ከጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡት። «100–240» ካለ ሶኬት ማቀያየሪያ ብቻ ይበቃዋል። «120» ብቻ ካለ ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ ያለዚያ በተሰካበት ቅጽበት ይቃጠላል።

የሐመንዱ ነገር ግን ይለያል። የድሮዎቹ ሐመንዶች ድምፅ የሚፈጥሩት በሞተር በሚዞሩ ጥርስ ባላቸው የብረት ዲስኮች ሲሆን፣ የሞተሩ ፍጥነት ከመብራቱ ኸርዝ ጋር የተቆራኘ ነው። ለ60 ኸርዝ የተሠራው በእኛ 50 ኸርዝ ሲሰካ ቀስ ብሎ ይዞርና መሣሪያው በሙሉ አንድ ተኩል ድምፅ ያህል ዝቅ ይላል፤ ዶ ሲነኩ ላ ይሰማል። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። ኸርዝ የሚቀይር መሣሪያ አለ፤ እርሱ ግን ለብቻው ሌላ ወጪ ነው። ከዚያ በላይ ትልቁ ሐመንድ ከመርገጫውና ከወንበሩ ጋር የብዙ ሰው ሸክም ስለሆነ፣ የነጻው ስጦታ የመርከብ፣ የጉምሩክና የጅቡቲ መንገድ ወጪ ተደምሮበት ከአዲሱ ኪቦርድ ሊበልጥ ይችላል። ልጆቹን አመስግናችሁ ኪቦርዱን ብቻ ይግዙ፤ ከመክፈላቸው በፊት የኃይል ጽሑፉን ፎቶ አንሥተው ይላኩልህና እዚህ ለጥፈው፤ አብረን እናየዋለን። ደሴ ሲደርስ ደግሞ በዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ በሚያቆይ መሣሪያ) በኩል ይሰካ፤ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቮልቱ ከፍና ዝቅ ስለሚል በቀጥታ ግድግዳ ላይ እንዳይሰካ።